ወንዙን ተከተሉ ለሚሉን

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ወሬ ይናፈሳል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ «የኢትዮጵያ አልፕስ» ይባሉ፤ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ እንደ ኦስትሪያና እንደ ስዊስ የወንዝ ዳር የብስክሌት መንገድ ይዘርጋ፤ ፈረንጁ ብስክሌቱን እየነዳ ዶላሩን ይዞ ይመጣል፤ አገሬውም ያልፍለታል ነው ነገሩ። በሻይ ክበብ የተጀመረው ጨዋታ መኝታ ቤታችን ድረስ ዘልቆ፣ አሁን አሁንማ በሴሚናር ጽሑፍ ሳይቀር ብቅ ማለት ጀምሯል። ሌላው ወገን ደግሞ ይኸንኑ ሰምቶ በሳቅ ይንፈራፈራል። «ጋይንት? በብስክሌት? በቅሎ እንኳ የምትንሸራተትበት አገር!»

እኛ የዚያው አገር ልጆች ነን። ከነፋስ መውጫ፣ ከዐርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ስንቃችንን ቋጥረን የመጣን። ስለዚህም ሁለቱንም ወገን እንቃወማለን። ፊተኛው አገሩን ሳያይ ካርታ ይስላል፤ ኋለኛው አገሩን ሳያይ ይስቃል። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ቢሉን መልስ የለንም፤ ነገር ግን ካርታ የሚስለው ነገ የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ሊይዝ ይችላልና ከእሱ እንጀምር።

በአልፕስ አገር የብስክሌት መንገድ ወንዝ የሚከተለው እንዲያው ለዐይን እንዲያምር ተብሎ አይደለም። በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ሸለቆውን እንደ ገበቴ ጠርቦ፣ ወለሉን ሰፊና ለጥ ያለ አድርጎ ትቶታል። ከተማው፣ ደብሩ፣ እርሻው፣ የባቡር ሐዲዱ ሁሉ እታች፣ ከወንዙ አጠገብ ነው። ከኢጣልያዋ ሳን ካንዲዶ ተነሥቶ በድራቫ ወንዝ ዳር እስከ ኦስትሪያዋ ሊየንትስ የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ። ርቀቱ 44 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ሁሉ መንገድ የሚወርደው ግን 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሕፃን ልጅ የያዘ ቤተሰብ ሳይቀር እየተጫወተ ይወርደዋል። ሲደክመውስ? ብስክሌቱን ባቡር ላይ ይጭንና ወደ ተነሣበት ይመለሳል። እንግዲህ እዚያ የብስክሌተኛውን ጉልበት የሚቆጥብለት ወንዙ ብቻ አይደለም፤ ባቡሩም ጭምር ነው። የእኛ ካርታ ሣይ ወንዙን ሲቀዳ ባቡሩን ረስቶታል።

የእኛ አገርስ? የእኛ አገር ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ተነባብሮ የቆመ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ወንዙ ያንን ሜዳ እንደ ቢላዋ ሰንጥቆት ወርዷል። ሰዉ እላይ ነው፤ ወንዙ እታች ነው። ከታች ጋይንት አፋፍ ላይ ቆሞ በሽሎን የሚመለከት ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የሚያየው። እላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጠው ገበሬ፣ እታች ሲወርድ ሸሚዙን አውልቆ በትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። እላይ ገብስና ድንች፣ እታች ማሽላና ወባ። በዚህ ገደል «የወንዝ ዳር መንገድ» ማለት ማንም የማይኖርበትን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚጠርገውን ቦታ በስሚንቶ መቅበር ማለት ነው። ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡት አልነገሩንም።

ደግሞም በእኛ ዘንድ ወንዝ ወሰን ነው። በሽሎ ስማዳንና ታች ጋይንትን ከወሎ ይለያል፤ ዓባይ እስቴንና ስማዳን ከጎጃም ይለያል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት የአዲስ አበባ ሰው ለጨዋታ ማሳመሪያ ይናገረዋል፤ የስማዳ ሰው ግን ውኃውን እታች እያየ፣ እንስራ የተሸከመች እኅቱን እላይ ሲጠብቅ ነው የሚናገረው። ወንዙ ለሰዎቹ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ የሰባራ ድልድይን ታሪክ ይጠይቅ። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ የጎንደርን ወገን ከሞጣ ጋር ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ሰዉ በገመድ እየተሳበ ተሻገረ! እ.ኤ.አ. በ2002 የውጭ በጎ አድራጊዎች ጠገኑት፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በዚያው አካባቢ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ከስድሳ ዓመት በላይ አንዲት የድንጋይ ቅስት ለመጠገን ያልተቻለበትን ወንዝ ነው እንግዲህ ዳር ዳሩን ለመዝናኛ አስፋልት እናልብስ የሚሉን።

ታዲያ ለብስክሌት የሚሆን መንገድ የለም ማለታችን ነው? አይደለም! እዚህ ላይ ነው ከሳቂዎቹም የምንለየው። እኛ የምንለው ወንዙን ወደ ታች አትከተሉት፤ የወንዞቹን ራስ ዙሩት ነው።

የጉናን ተራራ አስቡ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በመካከላችን ተቀምጧል። ከምዕራብ ጎኑ ርብና ጉማራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ጣና ይገባሉ፤ ከምሥራቅና ከደቡብ ጎኑ የሚነሡት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ወንዝ ከምንጩ አጠገብ ገና ልጅ ነው። ገደል አልቆፈረም፤ በድንጋይ ላይ ዘለል ብለው ያልፉታል። ገደሉ የሚጀምረው ወረድ ሲሉ ነው። ስለዚህ ጉናን በትከሻው ላይ የሚዞር መንገድ፣ ከደብረ ታቦር በክምር ድንጋይ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ በዐርብ ገበያና በወገዳ በኩል ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ደብረ ታቦር ቢሄድ፣ የሦስቱን አገር ወንዞች ገና በለጋነታቸው አንድ በአንድ ይሻገራቸዋል። ገበሬው፣ ገበያተኛውና አጋሰሱ ይኸን ካወቁት ቆይተዋል። የሚሄዱት በአፋፍ አፋፉ ነውና። ወንዝ የሚወርዱት መሻገር ግድ ሲሆንባቸው ብቻ ነው።

የዚህን ዙር ሰሜናዊ ክፍል ሠርተው የሰጡን ቻይናዎች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ እስከ ዛሬ በአገሬው አፍ «የቻይና መንገድ» ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። በ42 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ 900 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ብስክሌተኛ ሳንባው እንደ ወናፍ ይነፋል። የከተማይቱ ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ነፋስ መውጫ! እንዲያው ለቅኔ የወጣ ስም እንዳይመስላችሁ፤ ከጎን የሚመጣው ነፋስ ብስክሌት ከነሰዉ ወደ ቦይ የሚገፋ ነው።

ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ የሚዘልቀውን ክፍል ለብቻው ልናወሳው እንወዳለን። እዚያ መንገዱ በውኃ መለያያ ላይ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው በግራው የወደቀ ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በቀኙ የወደቀ ዝናብ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሁለቱ ጠብታዎች ዳግም የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ከተማ ላይ ነው። በአልፕስ ይኸን የመሰለ ቦታ ቢኖር ኖሮ ስንት የፖስታ ካርድ ይሸጥበት ነበር! ስንቶቻችን ግን በአውቶቡስ ተኝተን አልፈነዋል።

የደቡቡ ክፍል ሌላ ነው። ከነፋስ መውጫ በታች አስፋልት አገኛለሁ ብሎ የሚነሣ ብስክሌተኛ ቶሎ ይከፋዋል። ጠጠር ነው፤ አቧራ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወር ግን ገብሱ ታጭዶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መሬቱ ጠጥሮ ሲገኝ ከዚያ የሚሻል የጉዞ ጊዜ የት ይገኛል? በእነዚህ ወረዳዎች ብዙው የገጠር መንገድና እርከን የተሠራው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት ስም፣ ርሃብተኛው ገበሬ ለስንዴና ለጥቂት ብር ድንጋይ እየተሸከመ መሆኑን አንርሳ። ለዚህ ነው «መንገድ እንክፈትላቸው» ሲሉ ደማችን የሚፈላው። መንገዱን ማን ከፈተውና!

ታሪክም ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን፣ ያን ጋፋት ላይ ያስፈሰሱትን ግዙፍ መድፍ፣ በመንኰራኵር እያስጎተቱ ጋይንትን አቋርጠው፣ የዥጣንና የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ ደርሰዋል። ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። በየገደሉ መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ። እንግዲህ በዚህ አገር ታሪክ ዝነኛው መንኰራኵር መድፍ የተሸከመው ነው። ያንን መንገድ የጠረገው የሰው ጉልበት ግን ስሙ አልተጻፈም፤ ልጆቹ ዛሬም እዚያው አሉ።

ከመድፉም በፊት ሌላ መንገደኛ ነበረ፤ የቆሎ ተማሪው። «የጉዞ መስመር» የሚባለውን ነገር ከፈረንጅ መጽሔት ለመማር ለምትሹ ጓደኞቻችን እንንገራችሁ። ቅኔ ዋድላ ይማራል። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ይመጣል። ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት፣ ዙር አምባ ነው። ከዚያ ቅኔውን ላስፋፋ ያለ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። ደበሎና አኩፋዳ ይዞ፣ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየነከሰው። ይኸ ከማንም ያልተቀዳ፣ ማደሪያውና ስንቁ በመንደሩ ሰው የተያዘለት፣ ስንት ዘመን የቆየ የጉዞ መስመር ነው። መካሪም አላስፈለገው።

በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓክነም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ወደ ቤተልሔም መጣና በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሸፈነውን የመካከለኛ ዘመን ሕንፃ «አገኘው»። በ1959 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉም ተረከው። መጽሐፉን አንጠላም፤ ልጁ ደፋር ነበር። ግን «ተገኘ» የምትለውን ቃል እንጠላታለን። የድጓው መምህር ከነደቀ መዛሙርቱ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ምን ጠፍቶ ነው የተገኘው? ነገ ደግሞ የብስክሌት ካርታ ታትሞ «አዲስ የተገኘ መስመር» ሲባል እንዳንሰማ ነው የምንጽፈው። ከዚያች አየርላንዳዊት፣ ከዴርቭላ መርፊ እንኳ መማር ይቻላል። በ1963 እ.ኤ.አ. ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደች ሴት፣ በ1966 መጨረሻ ወደ እኛ ደጋ ስትመጣ ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ነው የያዘችው። አገሩ ምን እንደሚጠይቅ መጀመሪያ ጠይቃለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳቂዎቹ። «ብስክሌት የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ይሉናል። ባሕር ዳር ሄዳችሁ አታውቁም እንዴ? ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ታች፣ ሠራተኛውም ተማሪውም ነጋዴውም በብስክሌት ሲሄድ የኖረበት ከተማ አለ። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ያሰለፈቻቸው ብስክሌተኞችን ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከነሱ አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ደገኛ በብስክሌት አይሆንለትም የሚል ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እንደሚሻ አናውቅም።

ግን እኛን የሚያንገበግበን የስፖርቱ ነገር አይደለም። የትምህርት ቤቱ መንገድ ነው። ከመካከላችን ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው አብዛኞቻችን በወረዳው ከተማ ጎጆ ተከራይተን፣ ዐርብ ማታ ባዶ አገልግል ይዘን ወደ ቤታችን ወጥተን፣ እሑድ ማታ የሳምንት እንጀራና በርበሬ ተሸክመን ተመልሰናል። 20 ኪሎ ሜትር በእግር አምስት ሰዓት ነው። በአፋፉ መንገድ በብስክሌት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሦስቱ ሰዓት የማን ነው? ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋንበት ሰዓት ነው። እኅቶቻችንንማ አታንሡብን፤ «መንገድ ላይ ምን ያገኛታል» ተብላ ከሰባተኛ ክፍል የቀረችው ልጅ መንገዱ ቢያጥርላት ዛሬ ከእኛ ጋር በዚህ ግቢ በተቀመጠች ነበር። የብስክሌት መስመር የሚባለው ነገር የሚለካበት ሚዛን ለእኛ ይኸ ነው። የነፋስ መውጫ ተማሪ የማይነዳበት መስመር ከነሥዕሉ ይቅር።

ጎብኚውስ? እናርቀው አላልንም። ግን ከባሕር ዳር ላሊበላ ሲመላለስ የኖረው የጎብኚ መኪና ጋይንትን በመስኮት ነው ያያት። ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያይ ይቆማል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ያልፋል። አቧራው ለእኛ፣ የአልጋው ሒሳብ ለላሊበላና ለባሕር ዳር። ብስክሌተኛ ግን በቀን ሰባና ሰማንያ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ መሽቶበት ማደሩ፣ ርቦት መብላቱ የግድ ነው። ክምር ድንጋይ ሽሮ ይበላል፤ ዐርብ ገበያ አልጋ ይከራያል። እግር ያለው ጎብኚ ለድኻ አገር ከመኪናው ይሻላል የምንለው ለዚህ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ወገን አለ፤ እሱን በሳቅ አንመልሰውም። «ሰላም በሌለበት ስለ ብስክሌት ታወራላችሁ?» ይለናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ላይ የደረሰው ግፍ በዓለም ፊት ተመዝግቧል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ውጊያው በክልላችን ስንቱን ትምህርት ቤት ዘጋ፣ ስንቱን መንገድ ቆረጠ። ይኸን እያወቅን ማንንም ኑና ተዝናኑ አንልም። እንዲህ ያለ ግብዣ ነውር ነው። ነገር ግን ካርታ የሚሳለው በሰላም ቀን ብቻ ነው ያለ ማን ነው? ሰላም የወረደ ዕለት ፕሮጀክቱን ይዞ የሚመጣው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቱን እያዘጋጀ ነው። የወንዝ ዳሩ ሕልም በወረቀት ላይ ከተቀመጠ በኋላ «እኛኮ አፋፉን ነበር የምንለው» ብንል ማን ይሰማናል? ለዚህ ነው አሁን የምንነታረከው።

ስለ ድንጋይም እንናገር፤ ሰው ሲያነሣው ፊታችንን ስለምናዞር። ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጡ የውጭ ሰዎች ልጆቻችን እየተከተሉ እንደሚጮኹባቸውና ድንጋይ እንደሚወረውሩባቸው ደጋግመው ጽፈዋል። እውነት ነው፤ እረኛ ሆነን ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን። ማመካኛ አንፈልግለትም። ሆኖም አንድ ነገር አስተውለናል። ሕፃኑ ብስክሌትን የሚያየው ባዕድ ተቀምጦበት ሲያልፍ ብቻ ከሆነ፣ የሚያልፈው ነገር ለእሱ ወፍ ነው። ወንድሙ በየቀኑ የሚነዳውን ግን ስሙን ጠርቶ ይጣራል እንጂ አይወረውርበትም። የቱሪዝም ሹማምንት የሚጽፉት ማስጠንቀቂያ ያልፈታውን ነገር ዐሥር የተማሪ ብስክሌት ሊፈታው ይችላል ብለን እናምናለን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አውቶቡሱ ብስክሌትን ከፖርቶመጋላው ላይ እንደ በግ ሳይደራደር በተቆረጠ ዋጋ ይጫን፤ ያ ነው የእኛ ባቡር። በየገበያው ከተማ የከባድ መኪና ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ሰንሰለትና የፍሬን ጎማ ይኑረው፤ ከክምር ድንጋይ እስከ ወገዳ ፍሬን የሌለው ብስክሌት የሬሣ ሣጥን ነው። ማደሪያው የመንደሩ ሰው ቤት ይሁን፤ ገንዘቡም በእሱ እጅ ይቁጠር። ቤተልሔምና ዙር አምባ ትምህርት ሲሰጥ ካሜራ ይዞ የሚገባ አይኑር። የመጀመሪያዎቹ ብስክሌቶችም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሰጡ፤ ከነሱም እኩሌታው ለሴቶች።

ካርታውን ደግሞ እኛው እንጀምረው። በሚቀጥለው ዕረፍት አገር የሚገባ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ሁሉ የሰፈሩን የአፋፍ መንገድ ይጻፍልን። ከየት እስከ የት፣ በእግር ስንት ሰዓት፣ ውኃ የት ይገኛል፣ የትኛው ኩርባ ላይ ነፋሱ ይከፋል፣ የትኛዋ ጅረት በሐምሌ ትሞላለች፣ የማን ጠላ ቤት መንገደኛ ያሳድራል። በእጅ የተጻፈም ቢሆን ለዝግጅት ክፍሉ ይድረስ። ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ያለውን የሚያውቅ ሰው በተለይ እንፈልጋለን፤ እዚያ ላይ ከመካከላችን ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አንደኛው ሦስት ዳገት ነው ይላል፣ አንደኛው አምስት።